ሽበት ከትምህርት አያግድም

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ትምህርትና ስለ ዕድሜ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የከበዳችሁን ቃል ድገሙት። የሚያጣድፋችሁ የለም።

ብዙ ሰው «እኔማ አረጀሁ፤ ትምህርት የልጆች ነው» ይላል። እስቲ ነገሩን አብረን እንየው።

እንሰትን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ተክሎ ነገ ቆጮ የሚበላ የለም። ዓመታት ይጠበቃል። ከተፋቀም በኋላ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። ይህን ሁሉ የምታውቅ እናት አልተማረችም ማለት አይቻልም። የቀራት ፊደሉ ነው።

ከእናንተ መካከል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን የምታስታውሱ አላችሁ። ዘመቻው የተጀመረው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሀዲይኛና ከምባትኛም ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በልጆቻቸው ዕድሜ ካሉት አስተማሪዎች ፊት ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ።

ኋላ ግን ብዙዎች የተማሩትን ረሱት። ለምን? የሚያነቡት ስላላገኙ። ያልታረሰ መሬት ዳዋ ይውጠዋል፤ ያልተነበበ ፊደልም እንዲሁ ነው። ሌላም ነገር አለ። ያን ጊዜ ሀዲይኛና ከምባትኛ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ልጆች የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። አያት የልጅ ልጇን መጽሐፍ ስታይ ቋንቋው የራሷ ነው፤ ፊደሉ ግን እንግዳ ይሆንባታል። ይህ የሷ ጥፋት አይደለም። ልጁን «ና፣ አሳየኝ» ብትለው ሁለቱም ይማራሉ።

ማንበብ ምን ይጠቅማል? ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ልጅ በስልክ መልእክት ይልካል። አባት ማንበብ ካልቻለ ለጎረቤት ይሰጣል። ያን ጊዜ የቤቱ ምሥጢር፣ የገንዘቡም ልክ፣ መንደር ያውቀዋል። ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አትሞ፣ በምን እንደተስማማ የማያውቅም አለ። ማንበብ የቻለ ግን በራሱ ጉዳይ ራሱ ይወስናል።

በጎረቤታችን በኬንያ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም.፣ በ84 ዓመታቸው፣ አንደኛ ክፍል ገቡ። የተማሪ ልብስ ለብሰው ከሕፃናት ጋር ተማሩ። አላፈሩም።

በፈረንሳይ አገር ደግሞ፣ በቱሉዝ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ለአረጋውያን የሚሆን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተከፈተ። «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» ተባለ። ልጅነት አንድ፣ የሥራ ዘመን ሁለት፣ ከጡረታ በኋላ ያለው ሦስት ማለት ነው። ሐሳቡ ወደ ብዙ አገሮች ተዳረሰ። አረጋውያኑ የሚማሩት ለዲግሪ ብለው ሳይሆን ለማወቅ ብለው ነው።

በሆሳዕናም ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ። እስከ ዛሬ ልጆቻችሁን ልካችሁበት ይሆናል። እናንተስ የምትጠይቁት የለም? የመሬት ሕግ አለ። የስኳርና የደም ግፊት ጥንቃቄ አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ። በሽታው የታመመውን በቆረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ይሻገራል። ቢላዋውን በእሳት ማጽዳት ያድናል። የተማረው ይህን ያስረዳችኋል። እናንተም የእንሰቱን ዓይነት፣ ስሙንና ጠባዩን ታስረዱታላችሁ። መማማር ይህ ነው።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። እርሳስ አንሡ። ስማችሁን ጻፉ። ከሥሩ ልትማሩ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ። ጎረቤታችሁም ይጻፍ። ዐሥር ስትሆኑ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። «እኛም መማር እንፈልጋለን» በሉ። ለአንድ ሰው መልስ የማይሰጥ፣ ለዐሥር ሰው ይሰጣል።

በሉ፣ ደኅና ሁኑ። በርቱ።