መቶኛው አይፈርድም

የተከበራችሁ አርታኢዎች፣ ገምጋሚዎችና ተመራማሪዎች፣ ስለ ፕሌጀሪዝም በተነጋገርን ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ከመቶ መመሳሰል ይፈቀዳል?» የሚል ነው። እኔ ግን ጆርናላችንን ከጽሑፍ ስርቆት የሚጠብቀው መቶኛ ሳይሆን ጽሑፉን በወጉ የሚያነብ ሰውና ለማንም የማያዳላ ሥርዓት ነው እላለሁ።

የአሳታሚዎች ማኅበር የሆነው ክሮስሬፍ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አባላቱ ረቂቆችን ከታተሙ ሥራዎች ጋር የሚያስተያዩበት አገልግሎት ይሰጣል፤ የሚሠራውም አይተንቲኬት በተባለው ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ የሚነግረን ግን መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን አይደለም። አንድ ረቂቅ 28 ከመቶ አሳየ እንበል። ሪፖርቱ ሲገለጥ ቀለም የተቀባው የዋቢዎች ዝርዝር፣ የተቋማት ስምና ሁሉም በተመሳሳይ ቃላት የሚገልጸው የላቦራቶሪ አሠራር ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ 9 ከመቶ ብቻ አሳይቶ፣ ያ 9 ከአንድ ሰው ሥራ ላይ እንዳለ የተገለበጠ፣ ምንጩ ያልተጠቀሰ የትንተና ክፍል ሊሆን ይችላል። በመቶኛ ብቻ ከፈረድን ንጹሑን መልሰን ጥፋተኛውን እናሳልፋለን። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ የቀረበውንማ ሶፍትዌሩ ጨርሶ ላያየው ይችላል፤ የሚደርስበት የዘርፉን ሥራዎች ጠንቅቆ ያነበበ ገምጋሚ ነው።

ጥንቃቄው ገምጋሚውንም ይመለከታል። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ማይክል ዳንሲንገርና ባልደረቦቻቸው ለአናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲስን ልከውት ተቀባይነት ያላገኘውን ጥናት፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ የራሱ አስመስሎ በ2016 በሌላ ጆርናል አሳትሞት ነበር። ስርቆቱ ሲታወቅ ጽሑፉ ተሰረዘ፤ ዶክተሩም ለገምጋሚው የጻፉት ግልጽ ደብዳቤ በዚያው በአናልስ ታተመ። የተሰረቀው ጥናት ገና ያልታተመ ስለነበር የሶፍትዌር ፍተሻ ሊይዘው አይችልም ነበር። ለግምገማ የተላከ ረቂቅ አደራ ነው፤ አደራ የሚጠበቀውም በሰው ነው።

«እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን አይደለም፤ የተዋጣ ዐረፍተ ነገር ብንወስድ ምናለበት?» የሚሉ አሉ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ በቋንቋ አርትዖት ልንረዳቸው ይገባል። ቃሉን የወደደ ሰው ግን በትምህርተ ጥቅስ አስገብቶ ምንጩን ከመጥቀስ የሚያግደው የለም። ጀማሪ ጸሐፊ ጥቂት መስመር ያለ ምንጭ ቢያስገባ አስተካክሎ እንዲያመጣ ይመለስለት፤ የሌላውን ውጤትና ትንተና የራሱ አድርጎ ካቀረበው ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘን።

ሌሎች ደግሞ «ጉዳዩ በይፋ ከወጣ የተቋሙ ስም ይጎድፋል» ይላሉ። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ በሥልጣን ላይ የነበሩትን የመከላከያ ሚኒስትር የካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግን የዶክትሬት ማዕረግ በጽሑፍ ስርቆት ምክንያት ሻረ፤ ሚኒስትሩም በመጋቢት መጀመሪያ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ዩኒቨርሲቲው ጉዳዩን ሸፍኖት ቢሆን ኖሮ የሰጣቸው ሌሎች ማዕረጎች ሁሉ በጥርጣሬ በታዩ ነበር። ጥፋትን ራሱ መርምሮ የሚያርም ተቋም ግን አመኔታውን ይጠብቃል።

ጥፋት የሚታረምበት አሠራርም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተቋቋመውና ኮፕ በመባል የሚታወቀው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ደረጃ በደረጃ አስቀምጦታል። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ ማስረጃ መያዝ፣ ለጸሐፊው ጽፎ መልሱን መጠበቅ፣ መልሱ ካላጠገበ ረቂቁን መመለስ፣ ጥፋቱ ከባድ ከሆነ ለሚሠራበት ተቋም ማሳወቅ ነው። የታተመ ጽሑፍ ሲሆን እንደ ጥፋቱ ክብደት ማረሚያ ይወጣለታል ወይም ምክንያቱ ተገልጾ ይሰረዛል። በድብቅ ማንሳት ግን ቀድሞ የጠቀሰውን ተመራማሪ ማሳሳት ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ቀጣዩ እትም ከመውጣቱ በፊት ይህን አሠራር በጽሑፍ እናጽድቅ፤ ለፕሮፌሰሩም ለጀማሪውም እኩል እንተግብረው።