ጆሮ ሳይታክት

የዛሬው ወጋችን ስለ ጆሮ ማዳመጫ ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ አሁን እኔንም የምትሰሙኝ በእሱ ይሆናል።

ማዳመጫ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «ቤዝ አለው?» ይላል። ሻጩም አንድ ጯሂ ዘፈን ከፍቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሰማዋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው የሚጮኸው ነው። ሲምባሉ ያፏጫል፣ ቤዙ ይደልቃል፣ ገዢው ደስ ብሎት ይከፍላል። ቤቱ ገብቶ ሁለት ሰዓት ሲያዳምጥበት ግን ግንባሩ ይወጠራል፣ ጆሮው ያልበዋል፣ ማዳመጫውን አውልቆ ያስቀምጠዋል። ብዙ ሰው ይህን ድካም ከሙዚቃው ወይም ከሥራ ውሎው ይቆጥረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከዕቃው ነው።

ዛሬ ልሟገትለት የመጣሁት ነገር አንድ ነው። ረጅም ሰዓት ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ምቾትና የድምፅ ለዛ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። አንዱ ሲጎድል ሌላውም ይበላሻል። ሁለቱ ሲገጥሙ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ እየሰማችሁ ምንም አይጎድልባችሁም። ጆሮን ለዕድሜ የሚያቆየው ይህ ነው።

እስቲ ከታሪኩ እንጀምር፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1958 ጆን ኮስ የተባለ የአሜሪካዋ ሚልዋኪ ሰው ለሙዚቃ የታሰበ የስቴሪዮ ማዳመጫ ይዞ እስኪመጣ ድረስ፣ ማዳመጫ በዋናነት የስልክ ኦፕሬተሮችና የወታደር ሬዲዮ ሠራተኞች ዕቃ ነበር። መልእክቱ መሰማቱ እንጂ የለባሹ ጆሮ መመቸቱ ብዙም አያሳስብም ነበር። ከዚያ በ1968 የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኩባንያ ኤችዲ 414 የተባለውን አወጣ፤ ጀርባው ክፍት፣ የጆሮ ትራሱ ስፖንጅ፣ ክብደቱ እጅግ ቀላል። ክፍት ጀርባ ማለት ድምፁም አየሩም ወደ ውጭ ይወጣል ማለት ነው። ጆሮ አይታፈንም፣ ሙዚቃውም ራስ ቅል ውስጥ የተቆለፈ አይመስልም። ለረጅም ማዳመጥ እስከ ዛሬ ከዚህ አሠራር የሚበልጥ አላየሁም።

ክብደትን በሚመለከት የእኔ ልክ 300 ግራም ነው። ኦዲዚ ኤልሲዲ-2 የሚባለው ማዳመጫ ለምሳሌ ድምፁ ደንደን ያለ፣ የሚወደድ ነው፤ ግን ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሙሉ አልበም በሱ የሚሰማ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያስበው ስለ አንገቱ ነው። ከክብደቱ ሌላ ጭምቀቱም አለ። በሁለት በኩል አጥብቆ የሚይዝ ማዳመጫ መጀመሪያ የተረጋጋ ይመስላል፣ ከቆይታ በኋላ ግን መንጋጋን ያሳምማል። መነጽር የምታደርጉ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ትራሱን ስታዩ በጣታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። የጆሮ ቅጠል ከውስጠኛው ጠንካራ ነገር ጋር የሚነካካ ከሆነ ሰዓት ሳይሞላ ያማል። ከፋይ ጨርቅ የለበሰው ይተነፍሳል፤ ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰው ያልባል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይላላጣል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ ከፋዩን ምረጡ።

ምቾትና ድምፅ አንድ ናቸው ያልኩበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። ጀርባው በተዘጋ ማዳመጫ ቤዙ የሚሰማው ትራሱ በጆሮ ዙሪያ ክፍተት ሳይተው ሲገጥም ነው። የመነጽር ዘንግ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ የሻሽ ወይም የሂጃብ እጥፋት ትንሽ ቀዳዳ ከከፈተ ቤዙ በዚያ ይወጣና ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሾላል። አንድ ዓይነት ማዳመጫ ለእህት ሻካራ፣ ለወንድም ለስላሳ የሚሆንበት ጊዜ ያለው በዚህ ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ምስክርነት ለእናንተ ራስ አይሠራም።

አሁን ወደ ለዛው። ደስ የሚለው ድምፅ የቱ ነው? ከ100 እስከ 300 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም የወንድ ድምፅ ደረትና የቤዝ ጊታር አካል ያለበት ክፍል ትንሽ ሞላ ያለ፤ ከ6 እስከ 10 ሺህ ኸርዝ፣ «ሰ» የሚያፏጭበት ክፍል ደግሞ ረገብ ያለ ነው። ጆሮን የሚያታክተው በዚህ ላይኛው ክፍል የሚገኝ ሹል ጫፍ ነው። መሙላቱም ልክ አለው፤ ሲያልፍ ዘፋኙ ከመጋረጃ ጀርባ የሚዘፍን ይመስላል።

በ1933 የቤል ላብራቶሪዎቹ ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን አንድ ታላቅ ጥናት አሳተሙ። የሰው ጆሮ የድምፁ መጠን ሲቀንስ ቤዙን ከመሃለኛው ድምፅ ቀድሞ እንደሚያጣው አሳዩ። እስቲ ይህን ወደ ማዳመጫችን እናምጣው። ድምፁ ቀጭን የሆነ ማዳመጫ ያለው ሰው ቤዙን ፍለጋ ድምፅ ይጨምራል። ቤዙ ሲመጣለት ያ ሹል ጫፍም አብሮ ይጨምራል። ሞላ ያለው ማዳመጫ ያለው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በ90 ዴሲቤል ግን ያው ድርሻ በ4 ሰዓት ያልቃል። አሥር ዴሲቤል ይህን ያህል ያስከፍላል።

እኛ የምንወደው ሙዚቃ ደግሞ ይህን ለዛ ከማንም በላይ ይፈልገዋል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸውን ሸክላዎች አስቡ፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ፊት ለፊት ነው የሚመጡት። ከአሮጌ ሸክላና ከካሴት የተገለበጡት ደግሞ የራሳቸው ሽሽታ አላቸው። ሹል ማዳመጫ ሽሽታውን ፊት ያመጣና ዘፈኑን ኋላ ያስቀረዋል። ያን ዘመን የሚወድ ሰው ለዘብ ያለ ድምፅ መፈለጉ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ መፈተኛችሁ የራሳችሁ ሙዚቃ ይሁን። እኔ በበገና እጀምራለሁ። አሥር አውታር ያለው፣ ድምፁ ወፍራም፣ ከአውታሮቹ ሥር ከሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች፣ ከእንዚራዎቹ፣ የሚመጣ ንዝረት ያለው መሣሪያ ነው። ዓለሙ አጋ ሲደረድር በጥሩ ማዳመጫ ጥልቀቱና ንዝረቱ ተያይዘው ይሰማሉ። በቀጭኑ ማዳመጫ ንዝረቱ ብቻ ይቀራል፤ በታፈነው ደግሞ ንዝረቱ ይጠፋል። ከዚያ ማሲንቆ አስከትሉ። ያ የፈረስ ጭራ ከፍ ሲል የሚወጋችሁ ከሆነ ዕቃውን መልሱ። በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ጨርሱ፤ ግራ እጃቸው ክብደቱን ጠብቆ ከተሰማችሁ ማዳመጫው አልፏል።

ምርጫዬን ልናገር። ጸጥ ባለ ቤት ለሚያዳምጥና አቅሙ ላለው፣ ዜንሃይዘር በ2003 ያወጣው ኤችዲ 650 አሁንም የመጀመሪያዬ ነው። 260 ግራም ይመዝናል፣ ትራሱ ከፋይ ነው፣ ላይኛው ድምፁ ረገብ ያለ ነው፤ ትራሱም ገመዱም ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። አዲስ ሲሆን ይጨምቃል፣ እየዋለ ይላላል። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 300 ኦም ስለሆነ ግን ስልክ ብቻውን አይበቃውም፤ አነስተኛ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። አቅም ለሚያጥረው የጆን ኮስ ኩባንያ በ1984 ያወጣው ፖርታ ፕሮ አለ። ከ100 ግራም በታች ነው፣ ቤዙ ሙሉ ነው፣ በስልክ ይሠራል። ለታክሲና ለቢሮ ሁለቱንም አልመክርም፤ ክፍት ስለሆኑ የመንገዱ ጩኸት ይገባና ድምፅ ያስጨምራችኋል። እዚያ የተዘጋ ያስፈልጋል። ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 በዚህ በኩል እጅግ ምቹ ነው፣ ላይኛው ድምፁ ግን ለእኔ ሹል ነው።

አዲስ መግዛት የማትችሉም አትዘኑ። ስልካችሁ ላይ ኢኳላይዘር ካለ 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን በ3 ዴሲቤል ቀንሱት፣ 200 አካባቢ ያለውን በ2 ከፍ አድርጉት። ብዙ ርካሽ ማዳመጫ በዚህ ይለዝባል።

ለመግዛት የምትሄዱ ግን በገናችሁንና ማሲንቆአችሁን በስልካችሁ ጭናችሁ ሂዱ። መነጽራችሁን፣ ሻሻችሁን እንዳደረጋችሁ ግማሽ ሰዓት አድምጡ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። ግማሽ ሰዓት የሚነፍጋችሁ ሱቅ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።