ፎቶግራፍ ሲታረም ምን ይታዘዛል? ምንስ ይከለከላል?



ከልማት ሪፖርታችን ጋር የምናያይዘው ፎቶግራፍ ጌጥ ሳይሆን ምስክር ነው። የተቆፈረው የውኃ ጉድጓድና የተተከለው ችግኝ ለሩቁ ሰው የሚታዩት በእርሱ ነው። ዛሬ ቻትጂፒቲንና ጀሚናይን የመሳሰሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በአማርኛ የተጻፈ ትእዛዝ ተቀብለው ፎቶግራፍ ያርማሉ። እንግዲህ እንዴት እንዘዛቸው?

አስቀድመን ጠባያቸውን እንወቅ። መሣሪያው የጠፋውን አያስታውስም፤ በቦታው ሊኖር ይችላል ብሎ የገመተውን ይሥላል። አንዱን ክፍል አርም ሲባልም ብዙ ጊዜ ምስሉን በሙሉ እንደ አዲስ ስለሚያወጣ፣ ያላዘዝነው ፊት ወይም ጽሑፍ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ «ይህን ፎቶ አሳምረው» ማለት አደገኛ ነው፤ የማሳመርን ትርጉም የሚወስነው መሣሪያው ይሆናልና።

በጎ ትእዛዝ የሚለወጠውን፣ የማይነካውንና የእርማቱን ወሰን ለይቶ ይናገራል። የውኃ ቦኖ ፎቶ በጥላ ቢጨልም እንዲህ ይጻፋል፦ «በግራ በኩል ያለውን ጥላ በመጠኑ አድምቅ። የሰዎቹን ፊት፣ ልብስና ቁጥር፣ በሰሌዳው ላይ ያለውንም ጽሑፍ አትለውጥ። ምንም አትጨምር፤ ምንም አትቀንስ።» ሌላ እርማት ቢያስፈልግ ለብቻው ይታዘዝ። ውጤቱም ከዋናው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ይመርመር።

ለብራናና ለግድግዳ ሥዕል ፎቶ ጥንቃቄው ይበረታል። የደበዘዘውን የግእዝ ጽሑፍ «ሙላ» ብንል፣ ፊደል መሳይ ቅርጽ ወይም ጸሐፊው ያልጻፈው ቃል ሊገባ ይችላል። በሥዕላችን ሥርዓት ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን መሣላቸውንም መሣሪያው ስሕተት መስሎት ሊያቃና ይችላል። ለእነዚህ ብርሃንን ከማስተካከልና ጠርዝን ከመከርከም ያለፈ አይታዘዝ።

ከሁሉ በላይ፣ በሚገባ የተጻፈ ትእዛዝ ሐሰትን እውነት አያደርግም። ችግኙ ካልጸደቀ ደረቁ መሬት እንዳለ ይታይ፤ ያልጸደቀበትም ምክንያት ከሥሩ ይጻፍ። በአረንጓዴ ቀለም ለተሸፈነ መሬት ውኃ የሚያመጣለት የለም። አንድ ጊዜ የተቀባባ ፎቶ የላከ ሰበካም በሚቀጥለው እውነተኛ ሥራው ይጠረጠራል።

ስለዚህ ዋናው ፎቶ ሳይነካ በመዝገብ ይቀመጥ፤ በታረመው ሥርም ምን እንደታረመ በአንድ መስመር ይገለጽ።