በሩ አንድ ካልሆነ አልበርም

ወገኖቼ፣ በተለይ እናንተ እህቶቼ፣ ዛሬ ጆሯችሁን አውሱኝ። ስለ ቤሲ ኮልማን ልነግራችሁ ነው። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ቤሲ በ1892 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ተወለደች። ጥቁር ናት፤ ጥጥ እየለቀመች ነው ያደገችው። ቺካጎ ገብታ ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ጥፍር እየሠራች ትኖር ነበር። ከጦርነት የተመለሰ ወንድሟ «የፈረንሳይ ሴቶች እኮ አውሮፕላን ያበራሉ» እያለ ያበሽቃታል። እሷ ግን ነገሩን ከምር ያዘችው።

አገሯ ያሉት የበረራ ትምህርት ቤቶች አንቀበልሽም አሏት። ጥቁር፣ ያውም ሴት! ፈረንሳይኛ ተማረች፣ ብር አጠራቀመች፣ ባሕር ተሻገረች። ከእንጨትና ከጨርቅ በተሠራ አውሮፕላን ሰልጥና ጁን 15 ቀን 1921 ዓለም አቀፍ የአብራሪነት ፈቃድ አገኘች። ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት።

ስትመለስ መተዳደሪያዋ የአየር ላይ ትርኢት ሆነ፤ አውሮፕላኑን ሰማይ ላይ መገልበጥ፣ ቁልቁል መወርወር። በ1923 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ሞተሩ ጠፍቶባት ተከሰከሰች። እግሯና የጎን አጥንቶቿ ተሰበሩ። ድና እንደገና በረረች።

እኔን ግን ከግልበጣው ይልቅ እምቢታዋ ነው የሚገርመኝ። ፊልም ውስጥ ቡትቶ ለብሰሽ ግቢ ሲሏት ጥላ ወጣች። በልጅነት ከተማዋ በዋክሳሃቺ ለትርኢቷ የጥቁርና የነጭ መግቢያ ለየብቻ ሊያደርጉ ሲሉ፣ በሩ አንድ ካልሆነ አልበርም አለች። ብሩ ደግሞ ያስፈልጋት ነበር፤ ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር የምትለፋው። በሩ አንድ ሆነ። ውስጥ መቀመጫው ለየብቻ ነበር፤ እሱን አላሸነፈችም።

ትምህርት ቤቱንም ሳትከፍት ቀረች። ኤፕሪል 30 ቀን 1926 ጃክሰንቪል ላይ ለልምምድ ወጡ፤ የሚያበረው መካኒኳ ነበር። እሷ የፓራሹት መዝለያውን ቦታ አጎንብሳ ለማየት ቀበቶዋን አላሰረችም። መሪው ውስጥ መፍቻ ተቀርቅሮ አውሮፕላኑ ሲገለበጥ ከላይ ወደቀች። ገና 34 ዓመቷ ነበር። መካኒኩም አልተረፈም።

ከዓመታት በኋላ የቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች ማኅበር በየዓመቱ በመቃብሯ ላይ እየበረረ አበባ ይጥልላት ጀመር። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። አዎ፣ ያ የኛው ሮቢንሰን! በ1935 አዲስ አበባ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላም ተመልሶ ልጆቻችንን በረራ ያስተማረው። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀበረ።