የሥራ ልምድ ምን ያህሉ ይቅረብ?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ባለሙያ አዲስ ሥራ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያሳስበው ጉዳይ ከሠራባቸው ዓመታት ስንቱን ያሳይ የሚለው ነው። አንዳንዱ ያለውን ሁሉ ያለ ምርጫ ይዘረግፋል፤ ሌላው ደግሞ ማስታወቂያው አራት ዓመት ጠይቆ ሃያ ዓመት ማሳየት ቀጣሪውን ያስፈራል ብሎ ይደብቃል። ሁለቱም የሚሳሳቱት የሥራ ልምድ በሁለት ልዩ ልዩ ጽሑፎች እንደሚቀርብ ስለሚዘነጉ ነው፤ ይኸውም አንደኛው አሠሪው የሚሰጠው ማስረጃ ሲሆን ሁለተኛው አመልካቹ ራሱ የሚጽፈው የሕይወት ታሪክ መግለጫ ነው። የመጀመሪያው ይቈጠራል፤ ሁለተኛው ይነበባል።

በማስረጃው ረገድ ቁጠባ አያዋጣም። በማጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ከቀን እስከ ቀን ይደምራል፤ የሥራ መደቡን መጠሪያ ከማስታወቂያው ጋር ያስተያያል፤ ቀጥታ አግባብ ያለው ነው ወይስ አይደለም ብሎ ይወስናል። ያልተያያዘ ወረቀት በእርሱ ዘንድ እንዳልተሠራ ሥራ ነው።

መግለጫው ግን ምርጫን ይጠይቃል። ለምሳሌ ያህል በንብረት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቶ፤ በማታ ትምህርት በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ አግኝቶ፤ ከዚያም ሦስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገለ ሰው ይታሰብ። ማስታወቂያው ከምረቃ በኋላ ሦስት ዓመት ቢጠይቅ፤ የቀደሙት ስድስት ዓመታት በቈጠራው አይገቡለትም። ስለዚህም ብዙዎች ከመግለጫው ጨርሰው ያወጧቸዋል። ነገር ግን የገቢ ሞዴል 19ንና የወጪ ሞዴል 22ን ከንብረት ካርድ ጋር ሲያመሳክር የኖረ ሰው፤ የመጋዘን ጉድለት ከየት እንደሚጀምር ከማንም ይልቅ ያውቃል። ቦታው የኦዲት ሥራ ከሆነ ይህ ልምድ ሁለት መስመር ይገባዋል፤ የደመወዝ ዝግጅት ከሆነ ግን መጠሪያውንና ዘመኑን ማስፈር ይበቃል። የማይገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የቀድሞ አለቃውን ለምኖ ንብረት ጠባቂነቱን «የሒሳብ ሠራተኛ» አሰኝቶ ማስጻፍ ነው። ይህ ልመና፤ አለመታደል ሆኖ፤ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ለሞያ ባልደረባ ነው።

ዓመታቱን የሚደብቀው አንጋፋም ቢሆን የሚያተርፈው የለም። አሥራ አምስት ዓመት የጐደለው መግለጫ በቃለ መጠይቅ ላይ «እስከዚያ ድረስ የት ነበሩ?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ዝቅ ያለውን ቦታ ለምን እንደፈለገ በማመልከቻው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢገልጽ የቀጣሪው ሥጋት ይቀላል።

እስከዚህ የተነገረው ስለ አመልካቹ ነው። ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ ግን ማስረጃ ፈራሚዎችም ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ የሠራውን የሥራ ዓይነት፤ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ይህ እያለ «በልዩ ልዩ የሥራ መደቦች አገልግሏል» ብቻ ብለው የሚያሰናብቱ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ከግል ድርጅት የሚመጣ ማስረጃ የሥራ ግብር መከፈሉን እንዲገልጽ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎችም ብዙ ናቸው፤ ግብሩን ቈርጦ ያላስገባው አሠሪው ሆኖ ሳለ ዓመቱ የሚሰረዘው ከሠራተኛው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጐዶሎ ደብዳቤ ይዞ የወጣ ወጣት፤ ጉድለቱን ከሦስት ዓመት በኋላ በማጣሪያ መስኮት ፊት ሲሰማ፤ ድርጅቱ ተዘግቶ ወይም ፈራሚው ለቆ ከሆነ፤ የሚያስተካክልለት አያገኝም።