የሞተር ዘይት በየስንት ጊዜው ይቀየር?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ምክንያት ለገጣፎ ላይ በተካሄደው የአባላት ጉባኤ ከትራንስፖርትና እርሻ መሣሪያዎች ክፍል የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የተከበራችሁ አባ ገዳዎችና የሀገር ሽማግሌዎች፣
ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አካባቢ የመጣችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የአስተዳደርና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ክፍላችን ሥራ እንድናገር ሲጋብዘኝ የመኪኖቻችንንና የትራክተሮቻችንን ብዛት እንድዘረዝር የጠበቀ ይመስለኛል። እሱ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ስለተጻፈ አልደግመውም። ዛሬ የማነሣው ትንሽ የሚመስል ጥያቄ ነው። የሞተር ዘይት በየስንት ጊዜው ይቀየር?

"ይህ የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ ገበሬውን ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 እንደሚለው ማኅበሩ የአባላቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሞተር ሲነክስ የሚነክሰው የእናንተን ዕጣ ነው። ይህን በቃል ብቻ አላምን ለሚል አንድ የደረሰብንን ነገር ልንገራችሁ።

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ አንድ አይሱዙ መኪና ማዳበሪያ ጭኖ ከለገጣፎ በሰንዳፋ በኩል ወደ አለልቱ ሲጓዝ ሞተሩ ነክሶ ዳገት ላይ ቆመ። ማዳበሪያው በሸራ ተሸፍኖ ሦስት ቀን መንገድ ዳር ሰነበተ። መሬቱ ረጥቦ፣ ዘሩም ተዘጋጅቶ ሳለ ገበሬው እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ሞተሩ ሲፈታ ዘይቱ መጠኑ ጎድሎ፣ የቀረውም እንደ ሬንጅ ወፍሮ ተገኘ። የዘይት ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ኩሽኔታዎቹም ተበልተው ነበር። "ዘይት ያላስቀየረው ሾፌሩ ነው" ተባለና ሾፌሩ ከሥራ ታገደ።

ነገር ግን በመኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ለቀጣዩ ቅያሪ ገና 1900 ኪሎ ሜትር እንደሚቀር ታሳይ ነበር። ሾፌሩ ደንቡን አልጣሰም። ነገሩ የተገለጠው የሒሳብ ሠራተኛችን የነዳጅ ደረሰኞቹን ሲደምር ነው። ከመጨረሻው ቅያሪ ወዲህ መኪናው ከ2000 ሊትር በላይ ናፍጣ አቃጥሏል። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳ ከ10000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል ማለት ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ከቆመ አራት ወር ሆኖት ነበር። ሾፌሩ ቆጣሪው መበላሸቱን በጽሑፍ አመልክቷል። ማመልከቻው የተገኘው በእኔ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሾፌሩ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የተያዘው ደመወዙም ተከፈለው። ይሁን እንጂ የታገደው በአባላት ፊት ሆኖ ሳለ ይቅርታውን የጠየቅሁት በቢሮ ውስጥ ነበር። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከዚያ ቀን ጀምሮ "በየ5000 ኪሎ ሜትሩ" የምትለውን ቃል እንደ መጨረሻ መልስ መቀበል አቆምን። በአሜሪካም ለብዙ ዓመታት "በየ3000 ማይሉ" የሚል ልማድ ነበር፤ ይህም ወደ 4800 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ከእኛ ቁጥር ብዙም አይርቅም። ዘይቱና ሞተሩ እየተሻሻሉ ሲሄዱ አምራቾች ጊዜውን አራዝመውታል። ያም ሆኖ በመመሪያ መጽሐፎቻቸው ውስጥ ለቀላል ሥራና ለከባድ ሥራ ብለው ሁለት የተለያየ ቁጥር የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ለገበሬ ግልጽ ነው። ሲያርስ የዋለ በሬና ጥላ ሥር ሲያመሰኳ የዋለ በሬ እኩል አይቀለቡም።

ዘይት በሞተር ውስጥ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ ሙቀት ይሸከማል፤ ጥላሸትና ቆሻሻ ያጥባል፤ የፒስተንና የሲሊንደርን ክፍተት ይደፍናል፤ ዝገትም ይከላከላል። ለዚህ ሥራ የሚረዱት በዘይቱ ውስጥ የተጨመሩ ቅመሞች ናቸው። ነዳጅ ሲቃጠል ጥላሸትና አሲድ ይፈጠራል፤ ቅመሞቹም ይህን ሲታገሉ ያልቃሉ። ዘይት አረጀ የምንለው ቅመሙ ሲያልቅና ቆሻሻው ሲበዛበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ብዙዎቻችን ዘይቱን በጣታችን አይተን "ጠቁሯል፣ ይቀየር" ወይም "ገና ነው" እንላለን። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል። መጥቆሩ ጥላሸቱን ከሞተሩ እያነሣ በራሱ ውስጥ እንደያዘው ያሳያል እንጂ ማርጀቱን አያረጋግጥም። በቀለም የሚያስደነግጠው እንደ ወተት የነጣ ዘይት ነው፤ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ወይም ሳይጨመርበት መጠኑ ከፍ ያለ ዘይትም ነዳጅ ተቀላቅሎበታል። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ሞተሩን አጥፍቶ መካኒክ መጥራት ነው።

አሁን ወደ አካባቢያችን ልምጣ። በእኛ አገር ዘይትን ቶሎ የሚያስረጁ ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ከፍታው ነው። በ2400 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ጭሱና ጥላሸቱ ይበዛል።

ሁለተኛው አቧራው ነው። በበጋ ከቀበሌ ቀበሌ በጠጠር መንገድ ስንሄድ፣ በመኸርም ዐውድማ አጠገብ ስንቆም የአየር ፊልትሮው ከቆሸሸ ወይም ከላላ ደቃቁ አሸዋ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

ሦስተኛው አጭር ጉዞና ቆሞ መሥራት ነው። በሱሉልታ ብርድ ማለዳ ተነሥቶ በየመሰብሰቢያው ወተት የሚቀበለውን መኪና አስቡት። ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ ወተቱ ሲለካ ሞተሩ በሚኒሞ ይሠራል፤ ደግሞ ጥቂት ይሄዳል። ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ የውኃ እንፋሎቱና ያልተቃጠለው ነዳጅ ከዘይቱ ውስጥ ተንኖ አይወጣም። ቆጣሪው ግን ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ከሰበታ በወሊሶ በኩል ወደ ጅማ በአስፋልት የሚጓዘው መኪና በአንጻሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ቢቆጥርም ዘይቱ እምብዛም አይጎዳም። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማስተዳደር አንዱን መግደል፣ በሌላው ላይ ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚህ በመነሣት ክፍላችን አሁን የሚሠራበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ መነሻችን የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ነው። የዘይቱ ዓይነትም ከዚያው ይወሰዳል። ቆርቆሮው ላይ ያለው የውፍረት ቁጥር፣ ለምሳሌ 15ደብሊው-40፣ እና የጥራት ደረጃው መጽሐፉ ካዘዘው ጋር መስማማት አለባቸው። ማሸጊያው የተነካካ ዘይት ርካሽ ቢሆንም አንገዛም።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ መኪና ሥራው ቀላል ነው ወይስ ከባድ ብለን እንወስናለን። ከባድ ከሆነ ለከባድ ሥራ የተሰጠውን አጭር ጊዜ እንይዛለን። የእኛ መኪኖች አብዛኞቹ ከባድ ሥራ ላይ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የተቃጠለውን ነዳጅ እንቆጥራለን። ምሳሌ ልስጥ። መጽሐፉ ለከባድ ሥራ 5000 ኪሎ ሜትር ቢፈቅድና መኪናው በአስፋልት በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 5000 ለ6 ሲካፈል 833 ሊትር ይሆናል። እኛ 800 ብለን እንይዛለን። ወተት ሰብሳቢው በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ 800 ሊትሩን በ3200 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ይቀየራል። ቆጣሪ ቢበላሽ እንኳ የነዳጅ ደረሰኝ አይጠፋም፤ ኦዲተሩ ስለሚጠይቀው ከድሮም እናስቀምጠዋለን። አዲስ ወጪ የለውም፤ መደመር ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ለትራክተር፣ ለኮምባይነርና ለወተት ማቀዝቀዣው ጄኔሬተር የምንቆጥረው ሰዓት ነው። በብዙ የትራክተር መመሪያዎች 250 ሰዓት አካባቢ ይጻፋል። በቀን 10 ሰዓት የሚያርስ ትራክተር ይህን በ25 ቀን ይሞላል። "በዓመት አንዴ እንቀይራለን" የሚል ማኅበር ካለ ትራክተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ዛሬውኑ ይመልከት።

አምስተኛ፣ ያልሠራ መኪናም ቢሆን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ዘይቱ ይቀየራል። ኮምባይነር ከመኸር በኋላ ለወራት ሲቆም አሮጌውን ዘይት ይዞ አይቁም፤ አሲዱ ቆሞም ብረት ይበላልና። ቀይሮ ማቆም ይሻላል።

ስድስተኛ፣ ሾፌሩ በየማለዳው መኪናው በተስተካከለ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይነሣ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ አይቶ ይጽፋል። ዘይት ሲቀየር ፊልትሮው አብሮ ይቀየራል። የዘይት ግፊት ቀይ መብራት ከበራ "እስከ ከተማ ላድርሰው" ማለት የለም፤ እዚያው ይቆማል። የሾፌር ማመልከቻም በመዝገብ ተቀባይነቱ ተፈርሞ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል። ይህን ያስተማረኝ የራሴ መሳቢያ ነው።

በሌላው ዓለም ከዚህ የራቀም አሠራር አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ የምድር ባቡር ድርጅቶች የዘይት ናሙና በላቦራቶሪ እያስመረመሩ በውስጡ ከተገኘው የብረት ቅንጣት የሞተሩን ጤና ማወቅ ጀምረዋል። እኛ ዛሬ ላቦራቶሪ ባይኖረንም መዝገብ አለን።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ መጨመሩን ሁላችንም እናውቃለን። ስለሆነም "ዘይቱን ትንሽ እናራዝመው" የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በዓመት 30000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየ5000 ቢቀይር 6 ጊዜ፣ በየ7500 ቢቀይር 4 ጊዜ ይቀይራል። ሞተሩ 10 ሊትር ቢይዝ የተቆጠበው በዓመት 20 ሊትር ዘይትና ሁለት ፊልትሮ ነው። በዚያኛው ሚዛን ላይ ደግሞ የሞተር ማደሻው፣ የቆመው መኪና ኪራይና ከዘር ጊዜ በኋላ የደረሰው ማዳበሪያ አለ። በአስፋልት ላይ ለሚሠራው መኪና መጽሐፉ ከፈቀደ ግን ማራዘሙ ቁጠባ ነው፤ ሳይደርስ የሚቀየር ዘይትም የአባል ገንዘብ ነውና። የምንቃወመው ያለ መዝገብ ማራዘምን ነው።

ስለ ተቃጠለው ዘይት አንድ ቃል ልጨምር። በዚህ በኩል የለገዳዲ፣ በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድቦች አሉ፤ አዲስ አበባ የምትጠጣው ከእነሱም ጭምር ነው። ወደ ቦይ የሚደፋ ዘይት መንገዱን ያውቃል። እኛ በበርሜል እናጠራቅማለን። አራቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ስለሆኑ፣ በየክፍለ ከተማው አንድ የተቃጠለ ዘይት መቀበያ ቦታ እንዲመደብልን ኃላፊዎቻችንን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለቦርዱም አንድ ጥያቄ አለኝ። የዘይትና የፊልትሮ ግዥ ከሰኔና ከኅዳር በፊት ይጽደቅልን። ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ የሚያልፈው ወር ለሞተሩ አይታሰብለትም።

ለአባላት የምለው ግን ይህ ነው። በማኅበራችሁ ቅጥር ግቢ መኪና ወይም ትራክተር ስታዩ የዘይት መዝገቡን አሳዩን በሉ። ሾፌሩ አይቀየማችሁም፤ መዝገቡ የሚጠብቀው እሱንም ነውና። አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚሉት ይህንኑ ነው።