ካሜራው ማንን ይጠብቃል?



የኮኤን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ 4 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። የሙያ ብቃቱን አልክድም። ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል፤ የቴክሳስ ነፋስና የጫማ ኮቴ ብቻ ልብ ያንጠለጥላሉ። እኔ ግን አይቼ ስጨርስ ቅር አለኝ።

ቅሬታዬ ደም በመብዛቱ አይደለም፤ ፊልሙ ለገዳዩና ለሟቾቹ ትኩረቱን ባከፋፈለበት መንገድ ነው። ሺጉር የቄራ መሣሪያውን ይዞ ሲገድል እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እናያለን፤ ሳንቲም እየወረወረ ስለ ዕጣ ፈንታ ሲናገርም እናደምጠዋለን። መኪናው የተወሰደበት መንገደኛ ግን ስም እንኳ የለውም። ስንከተለው የቆየነው ሞስም የሚገደለው ከዓይናችን ውጪ ነው። ብዙ ሃያስያን ይህን ድፍረት ብለው አወደሱት። ይሁን፤ ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ የምናየው ቀብር በሕመም የሞተች አንዲት እናት ቀብር ብቻ ነው። ለተገደሉት ሞት እንጂ ለቅሶ አልተፈቀደላቸውም።

የሞስ ሚስት ካርላ ጂን ሳንቲሙን አልመርጥም ትላለች፤ ውሳኔው የሳንቲሙ ሳይሆን የራሱ የገዳዩ መሆኑን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። በማካርቲ ልብወለድ ውስጥ ግን በመጨረሻ መርጣ ትሸነፋለች። እምቢታዋ የፊልሙ ታላቅ ጭማሪ ነው። ከዚያ በኋላስ? ካሜራው ደጅ ቆሞ ገዳዩን ይጠብቃል፤ ሲወጣም የጫማውን ሶል ሲመረምር ያሳየናል። እርሷ ከበሩ ወዲያ ቀረች።

ፊልም ስትመዝኑ ይህን አትርሱ፦ ካሜራው ማንን ነው የሚጠብቀው?